እህቴ ሞታ አሜሪካን ያወራሁበት ወር

እህቴ ሞታ ተቀብራ፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ የሰፈሬ ሰው ሁሉ መሞቷን አውቆ፣ እኔ ብቻ ሳላውቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የአሜሪካን ምርጫ አስረዳ ነበር። ይህን የሚያስጽፈኝ ሐዘን መስሏችሁ እንዳታዝኑልኝ፤ ንዴት ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነው የምኖረው። የስፌት መኪናዬን የማስቀምጠው የአንዲት ባለሱቅ ጎረቤቴ በረንዳ ላይ ነው። እሷ ሳሙና፣ ጨውና የባትሪ ድንጋይ ትሸጣለች፤ እኔ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የገበሬ ቁምጣ፣ የቄስ ቀሚስ እሰፋለሁ። ከከሰል ካውያዬ አጠገብ አንዲት ሬዲዮ አለችኝ፤ የጀርባዋ ክዳን ጠፍቶ ድንጋዮቿን በላስቲክ አስሬያቸዋለሁ።

በዚያ ዓመት መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ስልኩ ሲመጣ ሲሄድ ከረመ። ኢንተርኔት የሚባለውንማ ወጣቶቹ ራሳቸው ረስተውት ነበር። ከእህቴ አገር ከወገዳ ወሬ ለመስማት ከወገዳ የመጣ ሰው ማግኘት ያስፈልጋል። ከዋሽንግተን ወሬ ለመስማት ግን አንቴናዋን ወደ ጣሪያው ቆርቆሮ ጠጋ ማድረግ ይበቃል። ይህ ነገር ያን ጊዜ አላናደደኝም። እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት በእንግሊዝኛ አንደኛ እየወጣሁ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያ እንግሊዝኛ የጠቀመኝ በዚያ በረንዳ ላይ ብቻ ነው። ጠዋት ሬዲዮዋን እሰማለሁ፤ ረፋድ ላይ ሰዎች ይመጣሉ፤ እኔ መኪናዬን እየረገጥኩ እተረጉምላቸዋለሁ።

የዚያን ዓመት አሜሪካ አንድም ነገር አላመለጠኝም። መርከብ በሌሊት መጥቶ ትልቁን ድልድይ ገጭቶ ወንዝ ውስጥ ሲከተው የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ፀሐይ በቀን ስትጨልም አሜሪካኖች ልዩ መነጽር ገዝተው ሜዳ ላይ ተንጋለው እንዳዩዋት ስነግራቸው የነፍስ አባቴ፣ «ምነው፣ እግዚኦ አይሉም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለት ስመ ጥር ዘፋኞች ተጣልተው በየቀኑ አዲስ ዘፈን እያወጡ ሲሰዳደቡ፣ አገሩ ሁሉ ማን ረታ እያለ ሲከራከር፣ «ሁለት አዝማሪ አንድ ሰርግ ላይ ተገናኝቷል በሉት» ብዬ አስረዳኋቸው። አንዱ ተወዳዳሪ ጆሮውን ጥይት ጭሮት ደሙ እየወረደ ቡጢውን አነሳ። ሽማግሌው ፕሬዝዳንት ከውድድሩ ወጡ። እያንዳንዱን ቀን በቀን፣ ትኩሱን አደርሳለሁ።

በረንዳው ላይ የማይጠፉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የነፍስ አባቴ ናቸው፤ ከቅዳሴ ሲወጡ ጎራ ይላሉ። ሌላው መሬታቸውን ለልጆቻቸው አካፍለው ከተማ የገቡ ሽማግሌ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ ጥያቄ ይወዳሉ። ከበትራቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ይሰሙና፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላሉ።

እህቴ የምትኖረው ስማዳ ነው፣ ከወገዳ ከተማ ወጣ ብሎ። ከእኛ ዘንድ በእግር ሁለት ቀን ያህል ያስኬዳል። በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና የወተት ጥርሴን አልነቀልኩም ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እንቁላል ሸጣ ደብተር ገዝታልኛለች። ተምሬ ተምሬ ልብስ ሰፊ በመሆኔ አንድ ቀን አልወቀሰችኝም፤ የማይዋጥላት ሬዲዮዬ ነበረች። በሄድኩ ቁጥር ገና ደጃፍ ላይ ስታየኝ፣ «እህሳ፣ ያቺ አሜሪካ ዛሬ ደግሞ ምን ነካት?» ትለኛለች፤ ከዚያ ትስቅብኛለች።

ከፋሲካ ወዲህ ሆዷን ያማት ጀመር። ደብረ ታቦር ወስጄ አሳክሜያት፣ መድኃኒት ተሰጥቷት፣ ደህና ነኝ ብላ ተመልሳ ነበር። ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ መንገዱም ተዘጋ፤ ሳላያት ከረምኩ። አንድ ነገር ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው፦ ተሽሏታል ወይስ ብሶባታል? ከስማዳ የመጣ ሰው ሳገኝ ይህን እጠይቃለሁ። «ደህና ናት፣ ትንሽ ቀጠን ብላለች» ይሉኛል።

ጳጉሜን ላይ አንድ መንገደኛ ከእሷ የተላከ ክር አመጣልኝ። እኛ አገር ልብስ ሰፊው ዘንድ መምጣት ያልቻለች ሴት ልኳን በክር ቋጥራ ትልካለች፤ ለቁመት አንድ ቋጠሮ፣ ለደረት አንድ፣ ለወገብ አንድ። ለመስቀል የምለብሰው ቀሚስ ስፋልኝ፣ ብላለች። ክሩን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ በሜትር ለካሁት። ወገቡ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ወገብ ነው። ሳቄ መጣ። የልጅ ልጇ ቋጥራው ተሳስታ ነው ብዬ ክሩን መሳቢያ ውስጥ ጣልኩትና በደብተሬ ላይ በነበረው በድሮው ልኳ ቆረጥኩ። ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሰው ነኝ። ክር እንደማይዋሽ ማንም ሊነግረኝ አይገባም ነበር።

ቀሚሱን አረንጓዴ አድርጌ፣ እጅጌውን ሰፋ አድርጌ ሰፋሁት። በበቅሎ ጨው እየጫነ ወደዚያ ለሚወርድ ነጋዴ ደንበኛዬ ሰጠሁት። እሱ የመኪና መንገድ ሲዘጋ በቆላው በኩል የሚያልፍበትን ያውቃል። «ከመስቀል በፊት አድርስልኝ፣ ደግሞ ፊቷን አይተህ ና» አልኩት። እሺ ብሎ ሄደ።

መስቀል አለፈ። በዚያው ሰሞን በአሜሪካ ተራራማ አገር ላይ ዐውሎ ነፋስና ጎርፍ ወርዶ መንገዱን ጠራርጎ ወሰደው። ስልክ ጠፋ፤ ዘመድ ከዘመድ ተቆራረጠ። ሬዲዮዋ ስለ እነሱ በየሰዓቱ ታወራለች። መኪና ያልደረሰበት መንደር መድኃኒትና ምግብ በበቅሎ ጭነው አደረሱ አለች።

«አሜሪካም በቅሎ አለ እንዴ?» አሉ ጋሼ።

«አለ እንጂ፣ ጋሼ።»

«የኛን በቅሎዎችስ ማን ያወራላቸዋል?» አሉና በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉት። ሁላችንም ሳቅን። እህቴ የሞተችው በዚያ ሳምንት ነው።

ነጋዴው በአሥር በአሥራ ሁለት ቀን መመለስ ነበረበት። አልመጣም። ባለሱቋን ጠየቅኋት፤ የመንገደኛ ወሬ ሁሉ የሚያርፈው እሷ ዘንድ ነው። «ወደ እስቴ ዞሯል አሉ፣ ለመካነ ኢየሱስ ገበያ» አለችኝ፣ ሳሙና እየደረደረች። ዓይኔን አላየችም። ነጋዴው ግን ከሁለት ቀን በፊት መጥቶ፣ የሰፋሁትን ቀሚስ ከነመጠቅለያው መልሶ ለእሷ አስረክቦ፣ እኔ እንዳላየው በጓሮ ሄዷል። ቀሚሱ ከእኔ መኪና ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ከግድግዳው ባሻገር፣ በባቄላ ጆንያ ውስጥ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከዚያ ሳምንት ወዲህ በረንዳዬ ሞላ። በሳምንት ሁለቴ ይመጡ የነበሩት ጋሼ በየቀኑ መጡ። የነፍስ አባቴ ከማኅበር የተረፈ ዳቦ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡልኝ ጀመር። ሰላምታ ብቻ ይሰጡኝ የነበሩ ሰዎች ዱካ ስበው እየተቀመጡ፣ «እስቲ የአሜሪካን ንገረን» ይላሉ። ጥያቄው አያልቅም። እኔ ሞኙ ተከበርኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። በመጨረሻ ይህ አገር የተማረ ሰው ዋጋ ገባው ብዬ ለራሴ አወራሁ።

አንድ ቀን ሸሚዝ እየቆረጥኩ፣ «በዚህ ቅዳሜ በእግሬም ቢሆን ወደ ወገዳ እሄዳለሁ፤ ልቤን ደስ አላለውም» አልኩ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቆይማ ልጄ፣» አሉ፣ «ብዙ ድምፅ ያገኘ ሰው ሊሸነፍ ይችላል ያልከውን እኮ አልተረዳሁትም።»

እኔም መቀሱን አስቀምጬ አስረዳሁ። የቁልፍ ቆርቆሮዬን ገለበጥኩና የሸሚዝ ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ፤ ነጭ ለአንዱ ወገን፣ ጥቁር ለሌላው፤ ለትልቁ ክፍለ አገር ብዙ ቁልፍ፣ ለትንሹ ሦስት። እዚህ በአንድ ሰው ብልጫ ያሸነፈ ቁልፉን ጠቅልሎ ይወስዳል፣ አልኳቸው። ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ እንዲህ ስል ዋልኩ። ሰዎቹ በጣም በትኩረት ያዩኝ ነበር። ቁልፉን የሚያዩ መስሎኝ ነበር። ያ ቀን የእህቴ ሠላሳ ነበር። ወገዳም አልሄድኩም።

ምርጫው ጥቂት ቀን ሲቀረው ሬዲዮዋ ስለ አንድ ሽኮኮ አወራች። ጅራቱ ጎፈሬ የሆነ ትንሽ አውሬ ነው፤ አንድ ሰው ቤቱ አሳድጎት፣ ትንሽ ባርኔጣ እያደረገለት፣ በስልክ ብዙ ሕዝብ የሚያየው፣ የሚወደው ሽኮኮ። ሰባት ዓመት ከሰው ጋር ኖሯል። የመንግሥት ሰዎች መጥተው ወሰዱት፤ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳይኖርበት ለመመርመር ብለውም ገደሉት። አሜሪካ አለቀሰች። ፖለቲከኞቹ ሳይቀሩ ስለ እሱ ተናገሩ። ይህን ስተረጉም ድምፄን የለቅሶ አስመስዬ፣ ደረቴን እየመታሁ፣ እያስመሰልኩ ነው። የሚያስቅ ነገር ነበረና።

የሳቀ ሰው የለም። ጋሼ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ለሽኮኮ ያለቅሳሉ እንዴ፣ ጋሼ?» አልኳቸው። «እርጅና መጣ ማለት ነው።»

«እርጅናው ነው፣» አሉ።

እኔ እስከ ማታ በእሳቸው ስቄ አላባራሁም። ለመጣ ደንበኛ ሁሉ፣ ጋሼ ለአሜሪካ ሽኮኮ አለቀሱ እያልኩ አወራሁ። ማንም ተው አላለኝም።

ከምርጫው በፊት ባለው ቀን፣ ጎሕ ሊቀድ ሲል በሬ ተንኳኳ። እኛ አገር በዚያ ሰዓት ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚያንኳኳ ሰው የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። የነፍስ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ ጋሼ ከጎናቸው፣ ባለሱቋ ከኋላ ቆመዋል። ከሁሉም ኋላ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ እስቴ ነው የተባለው ነጋዴ አንገቱን ደፍቷል። እሱን ሳይ አወቅሁ።

«እህትህ አርፋለች፣ ልጄ፣» አሉ የነፍስ አባቴ።

«መቼ?»

«የመስቀል ሰሞን።»

ጣቴን ቆጠርኩ። እያለቀስኩ ነው የቆጠርኩት፣ ግን ቆጠርኩ። ሣልስቷ አልፏል። ሰባቷ አልፏል። አሥራ ሁለቷም ሠላሳዋም አልፏል። ለአርባዋ ሁለት ቀን ቀርቷል።

«ለምን?» አልኩ።

ሁሉም ምክንያት ነበራቸው። ልጇ፣ «እኔ ሳልመጣ ለአጎቴ እንዳይነገር፤ መርዶ ያለ ሥጋ ዘመድ አይነገርም» ብሎ በገበያተኛ አፍ ልኳል። እሱ ደግሞ መንገዱ ተዘግቶበት ቀርቷል። ሲጠብቁት ሳምንት፣ ሲጠብቁት ሁለት ሳምንት አለፈ። ብንነግርህ ቆመህ ትሄዳለህ፣ መንገድ ላይ ትሞታለህ ብለን ፈራን፣ አለች ባለሱቋ። አርባዋ ሳይነገርህ እንዳያልፍ ብለን ልጇን ሳንጠብቅ መጣን፣ አሉ የነፍስ አባቴ። ያለ አንድ ሰው ክፋት፣ ሁሉም ለእኔ አስቦ፣ ሁሉም ለወጉ ተጠንቅቆ፣ እኔን መሳቂያ አደረጉኝ። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እንዴት ይቀለኝ ነበር! ቢያንስ የምጣላው ሰው አገኝ ነበር።

ባለሱቋ ወደ ሱቋ ሄዳ የባቄላ ብናኝ የያዘውን ጥቅል አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ፈታሁት። ቀሚሱ ሲዘረጋ እንደ ድንኳን ሰፊ ነው። ያን ጊዜ ክሩ ትዝ አለኝ። የልጅ ልጇ አልተሳሳተችም። እህቴ በሁለት ቀን መንገድ ርቀት፣ በአንድ ክንድ ክር፣ እያለቅሁ ነው ብላ ልካልኛለች። እኔ ስለ ሰው አገር ድልድይ ስተነትን የገዛ እህቴን ወገብ መሳቢያ ውስጥ ጥዬዋለሁ። በእነሱ የተናደድኩትን ያህል በራሴ ተናደድኩ፤ ከዚያ ይበልጥ በእነሱ ተናደድኩ፣ ምክንያቱም በራሴ ላይ ያለው ንዴት አላስቀምጥ አለኝ።

ለቅሶ ተቀመጥኩ። በአርባዋ ዕለት እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ተደረገላት፤ ከመቃብሯ ሁለት ቀን ርቄ ጧፍ ይዤ ቆምኩ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ለቅሶ ቤት የማይደረገውን አደረግሁ፤ ሬዲዮዋን ከፈትኩ። ውጤቱ ታውቋል። ድምጿን ዝቅ አድርጌ እስከ መጨረሻ ሰማሁና ዘጋኋት። ለቀስተኛው አግዳሚ ላይ ተደርድሮ አንገቱን ደፍቷል፤ ግን ሁሉም ጆሮውን እንደ ጣለ አውቄያለሁ። ወር ሙሉ በቁልፍ ያስተማርኳቸው ሰዎች ናቸው።

አንዱ አልቻለም። «ለመሆኑ ማን…» ብሎ ጀመረ።

«አውቄዋለሁ፣» አልኩ። «ግን እንዲህ በዋዛ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይሰብሰቡ። ቄሱ ይጠሩ። ሌሊቱ ይለፍና፣ ጎሕ ሲቀድ በራችሁን አንኳኩቼ መርዶውን አረዳችኋለሁ። እስከዚያ ስለ በቅሎ እናውራ።»

ክፉ ንግግር ነበር። ክፉ እንዲሆን ፈልጌ ነው የተናገርኩት። ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እየተነሳ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ እያለ ወጣ። ጋሼ በመጨረሻ ተነሱ።

በማግስቱ ንጋት በሬ እንደገና ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሼ፣ የነፍስ አባቴ፣ ባለሱቋና ነጋዴው ቆመዋል። ነጠላቸውን እንደዚያ ቀን አዘቅዝቀዋል።

«ተሰብስበናል፣» አሉ ጋሼ። «በለን እንግዲህ።»

አልቀለዱም። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው በብርድ ቆመው፣ ያልኩትን አንድም ሳያጎድሉ አድርገው መጥተዋል። ይቅርታ የሚጠየቀው እንዲህ ነው ብለው ያሰቡ መሰለኝ። ልቤ ሊራራ ትንሽ ቀረው። ከዚያ ወር ሙሉ ልጠይቀው የሚገባኝ፣ ማንም እድሉን ያልሰጠኝ ጥያቄ መጣ።

«መጀመሪያ እናንተ ንገሩኝ፣» አልኩ። «በምን ሰዓት ሞተች? ማን አጠገቧ ነበር? ውኃ ጠይቃለች? ስሜን ጠርታለች?»

የነፍስ አባቴ ጋሼን አዩ። ጋሼ ነጋዴውን አዩ። ነጋዴው እግሩን አየ።

«ቤቷ አልደረስኩም፣» አለ። «መንገዱ አዘግይቶኝ ወገዳ የገባሁት ከመስቀል በኋላ ነው፤ ገበያ ላይ ሰማሁ። የምታምር ቀሚስ ይዤ ለቅሶ ቤት እንዴት ልግባ ብዬ ከዚያው ተመለስኩ። ሞተች አሉኝ፤ ሌላ አላውቅም።»

ከአራቱ አንዳቸውም አያውቁም ነበር። ወር ሙሉ ከእኔ ደብቀው፣ በዳቦና በጥያቄ ሸፍነው፣ አልቅሰው የጠበቁት ወሬ አንድ ቃል ብቻ ነው። እኔ ያ ሽኮኮ ስንት ዓመት እንደኖረ፣ ምን ዓይነት ባርኔጣ ያደርግ እንደነበር፣ ማን እንደገደለው፣ ማን እንዳለቀሰለት አውቃለሁ። እህቴ ስትሞት ቀን ይሁን ሌሊት አላውቅም።

«ሬዲዮዋ በረንዳው ላይ ናት፣» አልኳቸው። «ሂዱና ክፈቷት፤ እሷ ሁሉንም ትነግራችኋለች።»

በሩንም ዘጋሁት።